መሣሪያውን ሳያምኑ የኳንተም ቁልፍ መጋራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የኳንተም ቁልፍ ማከፋፈያ፣ ማለትም ሁለት ወገኖች በብርሃን ቅንጣቶች (ፎቶኖች) የምስጢር ቁልፍ የሚጋሩበት ስልት፣ በፊዚክስ ሕግ የተጠበቀ ከሆነ፣ መሣሪያውን ማመን ወይም አለማመን ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ የደኅንነቱ ማረጋገጫ የሚሠራው መሣሪያው በወረቀት ላይ እንደተገለጸው ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ለገበያ የቀረቡ መሣሪያዎችን የፎቶን መቀበያ በደማቅ ብርሃን አደንዝዞ እንደ ፈቃድ ማዘዝ እንደሚቻል አሳዩ፤ በዚህ መንገድ የገባ ሰላይ ቁልፉን በሙሉ ሲወስድ፣ በተለምዶ ሰላይን የሚያጋልጠው የስሕተት መጠን ከፍ ስለማይል፣ ተጠቃሚዎቹ የሚጠረጥሩበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ጥያቄ፦ ሣጥኑን (መሣሪያውን) የሠራው ጠላት ራሱ ቢሆንስ በምን ይመረመራል?

መልስ፦ ሳይከፈት፣ በሚሰጠው መልስ ብቻ ይመረመራል። ሁለቱ ወገኖች በየዙሩ በዘፈቀደ 0 ወይም 1 ያስገባሉ፤ ሁለቱም 1 ካስገቡ የሣጥኖቹ መልስ መለያየት፣ አለዚያ መመሳሰል ይኖርበታል። መልሳቸው አስቀድሞ የተጻፈላቸው ሣጥኖች ከ75 በመቶ በላይ አያሸንፉም፤ የተጠላለፉ ቅንጣቶችን፣ ማለትም ቢራራቁም የመለኪያ ውጤታቸው የተሳሰረ ቅንጣቶችን፣ የሚለኩ ግን እስከ 85 በመቶ ገደማ ይደርሳሉ። ብልጫው በሰፋ መጠን ሰላዩ ስለ መልሶቹ ሊያውቅ የሚችለው እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ምስጢሩ የሚገኘው ከዚሁ ብልጫ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ምንም ማመን አያስፈልግም?

መልስ፦ ያስፈልጋል። ሣጥኑ ወደ ውጭ መልእክት እንዳይልክ መዘጋት፣ የዘፈቀደ ምርጫውም ከእርሱ የተነጠለ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ያንኑ መሣሪያ ነገም ብንጠቀምበትስ?

መልስ፦ በእኔ ግምት ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ተመራማሪዎቹ ባሬት፣ ኮልቤክና ኬንት በ2013 እንዳሳዩት፣ ተንኮለኛ ሣጥን የሰኞን ቁልፍ በማስታወሻው ይዞ፣ ማክሰኞ ሁለቱ ወገኖች ለፍተሻ በግልጽ በሚያሳውቋቸው መልሶች ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሊሸሽገው ይችላል፤ ሰኞ ዕለት እንከን ያልነበረው ቁልፍ በማግሥቱ ይወጣል ማለት ነው። ሆን ብሎ ፈተናውን በመውደቅ እንኳ፣ ሥራው መቋረጡን የሚያይ ሰላይ አንድ ቢት (0 ወይም 1) መረጃ ያገኛል። ያገለገለውን ሣጥን ለዘለዓለም ቆልፎ ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል፤ ነገር ግን በየቀኑ አዲስ መሣሪያ የሚገዛ ማን ነው?

ጥያቄ፦ በተግባር ተሞክሯል?

መልስ፦ አዎን። በ2022 በኦክስፎርድ፣ 2 ሜትር ገደማ በተራራቁ ሁለት የስትሮንቲየም አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው አቶሞች)፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተፈጠሩ 1.5 ሚሊዮን የተጠላለፉ ጥንዶች 95,628 የቁልፍ ቢቶች ተገኝተዋል። ርቀቱን ማስፋት አስቸጋሪ ነው፤ በመንገድ የሚጠፋ ፎቶን ጥንዶቹ የሚፈጠሩበትን ፍጥነት ይቀንሳልና። ሥጋትዎ መቀበያው ብቻ ከሆነ ግን፣ በ2012 የቀረበው ስልት መለኪያውን መሐል ላይ ለማይታመን ሰው ያስረክባል፤ በዚህ ጊዜ ማመን ያለብዎት የብርሃን ምንጮቹን ነው።