ከበሽታ ያመለጠ ዛፍና በሽታን የተቋቋመ ዛፍ

በምርጥ ዘር ሥራ ለምትሰማሩ ልጆቼ፣

የቡና ፍሬ በሽታ ባጠቃው ማሳ መካከል ፍሬዋ አረንጓዴ ሆኖ የቆየ አንዲት ዛፍ ስታገኙ ልባችሁ ደስ ይለዋል። ይበለው፤ ግን «በሽታውን ትቋቋማለች» ብላችሁ ለመመዝገብ አትቸኩሉ። ገበሬ ስህተታችሁን የሚያውቀው ተክሎ፣ አርሞ፣ 3 ወይም 4 ዓመት ጠብቆ ነው።

ፍሬው ለበሽታው ክፉኛ የሚጋለጠው በሚያብጥበት ጊዜ፣ ካበበ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበተነው ብናኙ፣ ለመብቀል ውሃ ይፈልጋል። ዛፏ ቀድማ ወይም ዘግይታ አብባ ያ ጊዜ በደረቅ ቀናት ላይ ከዋለላት፣ አንዳች የመቋቋም ኃይል ሳይኖራት ታመልጣለች። ሌላም ማታለያ አለ፦ የታመመው ፍሬ ጠቁሮ ይረግፍና ቅርንጫፉ ላይ የቀረው ጤነኛ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ቅርንጫፎች ምረጡና ምልክት እሰሩ፤ በየሳምንቱ ቁጠሩ፤ ከሥር የወደቀውንም አንሱና እዩ። ይህን ቢያንስ ሦስት የፍሬ ዘመን ደጋግሙት።

ከዚያ የችግኝ ፍተሻ ይቀጥላል። ከእናት ዛፏ 100 ያህል ዘር ብራናውን (ፍሬውን የሸፈነውን ደረቅ ቅርፊት) ልጣችሁ በጸዳ አሸዋ ዝሩ። በ6 ሳምንት ገደማ ችግኙ ዘሩን አናቱ ላይ ተሸክሞ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ሲል ለስላሳ ግንዱን በስፖር ውሃ እርጩት። መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊዮን ስፖር ነው፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሙት። በፕላስቲክ ሸፍናችሁ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ አቆዩት። ክፍሉ በጣም ከሞቀ ፈንገሱ ይደክምና ሁሉም ችግኝ ጀግና ይመስላል። ከ3 ሳምንት በኋላ ተጋላጩ ግንዱ ጠቁሮ ይሰበራል፤ የሚቋቋመው ላይ ግን ጥቃቅን ቡናማ ነጥብ ወይም የደረቀ ጠባሳ ብቻ ይታያል። ተጋላጭ መሆኑ የታወቀውን 370 የተባለውን የቡና ዝርያ ሁልጊዜ አብራችሁ አስገቡ። እሱ ካልሞተ ውጤቱን ጣሉት። ፈንገሱንም በየጊዜው ከትኩስ ቁስል አውጡ፤ በቤተ ሙከራ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ደጋግሞ የተዛወረ ፈንገስ ጉልበቱን ያጣል።

በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በጅማ ምርምር በሽታውን በመቋቋም የተመረጡት 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ስማቸው ላይ ያለው «74» የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 ነው። ሥራው በጥቂት ዓመታት ለገበሬ የደረሰው ዓረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ፣ የእናት ዛፏ ዘር እናቱን ስለሚመስል ነው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው በተገኘ ዲቃላ ግን ይህ አይሠራም፤ ከዲቃላ የተለቀመ ዘር በሚቀጥለው ትውልድ ባሕርይው ይለያያል፣ ከፊሉም መቋቋሙን ሊያጣ ይችላል። ይህን ለገበሬው ችግኙን በምትሰጡበት ቀን ንገሩት።

አንድ አካባቢ የተመረጠውን ወደ ሌላ ስትወስዱም እንደ አዲስ ፈትኑት፤ በሽታውን ቢችል እንኳ ምርቱና ጣዕሙ በዚያ አፈርና ከፍታ ሌላ ሊሆን ይችላል። ያገኛችኋትን እናት ዛፍ ደግሞ ዛሬውኑ ቁጥር ስጧት፣ ቦታዋን መዝግቡ፣ ለባለቤቱም አስረዱት፤ ሳያውቅ ጎንድሏት እንዳታገኙ።