የዘር ውርስን ለማስተማር ሁለት ሳንቲም ይበቃል፤ ቀድመሽ ግን አስፈርሚ

እህቴ፣ «ላብራቶሪ የለንም፤ ተማሪው ስልሳ ነው። ዶሚናንትና ሪሴሲቭን ከራሳቸው ቤተሰብ ምሳሌ ልጀምር ወይ?» ብለሻል (ዶሚናንት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ፣ ሪሴሲቭ ከሁለቱም ካልተወረሰ የማይታይ ባህርይ ነው)። በፍጹም አትጀምሪ። እኔም እዚሁ ጎንደር እንዲህ ባለ ክፍል ነው የማስተምረው።

1. «ቤተሰባችሁን አይታችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ አትስጪ። አንድ ባልደረባዬ ምላስ መጠቅለልን ሰጠ። ልጁ መጠቅለል ይችላል፤ እናቱም አባቱም አይችሉም። መጠቅለል ዶሚናንት ነው ተብሎ ክፍል በተማረው መሠረት፣ ከወላጆቹ አንዱ መቻል ስላለበት ይህ ሊሆን አይችልም። በማግስቱ አባትየው ተቆጥቶ ግቢ መጣ። እቤት የቀረችውን እናት አስቢያት! ነገሩ ደግሞ ከመነሻው ስህተት ነው። ምላስ መጠቅለል በአንድ ጂን (ባህርይን በሚያወርስ የዘር ቅንጣት) ብቻ አይወሰንም፤ ተመሳሳይ መንትዮች ሆነው እንኳ አንዱ ሲችል ሌላው ሳይችል ታይቷል። የጆሮ ጫፍ መጣበቅ ወይም መንጠልጠልም እንደዚያው በአንድ ጂን ብቻ አይወሰንም።

2. በሳንቲም ጀምሪ። ከቅዳሜ ገበያ አተርና ሽምብራ ገዝተሽ ከከረጢት አስወጪ የሚሉሽ አሉ። አይሆንም፤ ልጆቹ በእጃቸው ዳብሰው ይለዩታል። ይልቅ ሁለት ሁለት አድርገሽ አጣምሪያቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ሳንቲም ይዘው ድቅል የአተር ተክል (አንድ የረጅምነት፣ አንድ የአጭርነት ጂን ያለው) ይሁኑ። የወጣው ገጽ ለልጁ የሚያወርሱት ጂን ነው፦ ዘውድ የረጅምነት፣ ጎፈር የአጭርነት። አንድም ዘውድ ከወጣ ረጅም፤ ሁለቱም ጎፈር ከሆነ ብቻ አጭር። ስለዚህ የሚጠበቀው ሦስት ረጅም ለአንድ አጭር ነው። አሥር አሥር ጊዜ ወርውረው ይመዝግቡ።

እኔ ላይ የደረሰው ግን አይድረስብሽ። ሳንቲሙ ዴስክ ላይ ሲንኳኳ አንድ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በሩን በርግዶ ገባ። «ቁማር ነው እንዴ የምታስተምረው?» አለኝ፣ ተማሪዎቼ ፊት። ሰሌዳውን ባሳየው ዞር ብሎም አላየ። ሳንቲሙን አስለቅሞ፣ ቢሮ ጠርቶኝ ማብራሪያ በጽሑፍ አስገባ አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ የዕለት ዕቅድሽ ላይ «የዘር ውርስ ዕድል በሳንቲም ውርወራ» ብለሽ ጻፊና የዲፓርትመንት ተጠሪሽን አስፈርሚ። ወረቀት ካለሽ አፋቸውን ይይዛሉ።

እኔ አልተውኩትም፤ ዕቅዴን አስፈርሜ ቀጠልኩ። አንዱ ጥንድ ከአሥሩ አንድም አጭር አያገኝም፣ ሌላው አምስት ያገኛል። «ቲቸር፣ ሦስት ለአንድ አላልክም እንዴ?» ብለው ይጮኻሉ። አትመልሺላቸው፤ የሁሉንም ሰሌዳ ላይ ደምሪ። 30 ጥንድ 300 ውጤት ይሰጥሻል፤ አጭሮቹ ወደ 75 ይጠጋሉ። ወዲያው የዘር ውርስን ሕግ በአተር ያጠናው መነኩሴ ሜንዴል በብርኖ (በዛሬዋ ቼክ) ገዳም ቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመውን ጻፊላቸው፦ 787 ረጅም፣ 277 አጭር። ሲያካፍሉት 2.84 ይሆናል፤ እሱም ድፍን ሦስት አላገኘም። የኔ ተማሪዎች አሁን «አራት ከተወለዱ አንዱ የግድ አጭር ነው» አይሉም። እያንዳንዱ ውልደት አዲስ ውርወራ እንደሆነ ገብቷቸዋል። በዚህ እኮራለሁ።

3. ዶሚናንት ሲባል «በብዙ ሰው ላይ ያለ» ይመስላቸዋል። ኦ የደም ዓይነት ሪሴሲቭ ነው፣ ግን ሞልቷል። ስድስተኛ ጣት ብዙውን ጊዜ ዶሚናንት ሆኖ ይወረሳል፣ ግን ስንት ሰው ላይ አይተሻል? ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ እለፊ፤ የማንንም ልጅ የደም ዓይነት አትጠይቂ።

ሳንቲሙን ደብተር ላይ ይወርውሩት። ዴስክ ሥር አይንከባለልም፣ ድምፁም ኮሪደር አይደርስም።