ስኪ ጎበዞች ነን፣ ናዳ ግን አናውቅም

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! ከጓደኞቼ ጋር ራቅ ያለ ተራራ ላይ ወዳለች ጎጆ በስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ልንሄድ ነው። መንገድም ኔትወርክም የለም። ሁለቱ ልጆች ስኪ ላይ አሪፍ ናቸው፣ ስለ በረዶ ናዳ ግን ማናችንም አናውቅም። ምን ልያዝ?

መልስ፦ ዕቃው ይቆየን። ስኪ መቻልና በረዶን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ስኪ የሚወድ ሰው ልቡ የሚሸፍተውም እዚያው ላይ መሆኑ ነው ችግሩ። ሰው የሚቀብረውን ናዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነሳው ራሱ ተቀባሪው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ቦታውን የሚያውቅ ባለሙያ መሪ ቅጠሩ። ካልሆነ ጉዞው ይቅር፣ ጓደኞችህ ቢያኮርፉም ያኩርፉ።

የናዳ ማስጠንቀቂያው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው፣ 5 ከሁሉም የከፋው ነው። 3 መሃል ላይ ስለሆነች እንዳትሸውዳችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሞተው 3 በተባለበት ቀን ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። እያንዳንዳችሁ የተቀበረ ሰው ያለበትን ለማግኘት ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ያዙ። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይወርዳል፣ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት መሣሪያውን በረዶ ውስጥ ደብቃችሁ መፈለግ ተለማመዱ። አደገኛውን ቁልቁለት አንድ በአንድ ተሻገሩ።

ስትወጣ ሳያልብህ ልብስ ቀንስ፣ ትርፍ ደረቅ ጓንትም ያዝ። ጎጆዋ ውስጥ እሳት ካነደዳችሁ መስኮቱን ገርበብ አድርጉት፤ የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ መርዛማው ጋዝ ሽታ እንኳን የለውም።