ጠቡን በልኩ ያዙት፤ ከአንድ አዛውንት ቀያሽ ለጣና ዳር ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍሁት መሬት በመለካት ነው። ቴዎዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተሸክሜ፣ ችካል እየተከልሁ፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ባሉት የሐይቁ ዳርቻ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ስዞር ጡረታ ወጣሁ። ስለ ሃይማኖት ልጽፍላችሁ ስነሣ «እርስዎ ቄስ አይደሉ፣ ሼኽ አይደሉ፤ ምን አገባዎት?» ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ በሃይማኖት ስም ሲጋጩ ካየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ በእምነት ጉዳይ የተጋጩ ስላልነበሩ ነው። የተጋጩት በአጥር፣ በመቃብር፣ በመንገድና በውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ስለ ምሥጢረ ሥላሴና ስለ ተውሒድ ሲከራከር ዱላ የተማዘዘ ሰው አላጋጠመኝም። የሁለት ሜትር መሬት ግን የሰፈር ሰው ሙሉ ሲያስወጣ አይቻለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። ከሐይቁ ዳርቻ ከተሞች በአንዱ የቤተ ክርስቲያን አጥርና የሙስሊሞች መቃብር ይዋሰናሉ። በመካከላቸው ከሦስት ሜትር የማትሰፋ፣ ቁጥቋጦ የወረራት መሬት ነበረች። ሰበካ ጉባኤው አጥሩን በድንጋይ ሊያሠራ መሠረት ሲያስቆፍር «መቃብራችንን ቆረሱት» ተባለ። እኔ ስደርስ በወዲህ በኩል ነጠላ ያጣፉ፣ በወዲያ በኩል ቆብ ያደረጉ ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከሁለቱም ወገን እጅ ድንጋይ አይጠፋም። «የይዞታ ካርታችሁን አምጡልኝ» አልሁ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር በላስቲክ የተጠቀለለ ካርታ አወጡ። የጀመዓው ኃላፊም የራሳቸውን ከኪሳቸው መዝዘው ሰጡኝ። ሁለቱን በመኪናችን አፍንጫ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሁለቱም ማኅተም አላቸው፤ ሁለቱንም የሰጠው አንድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ያቺ ቀጭን መሬት በሁለቱም ካርታ ውስጥ አለች።

አንድ ባለሙያ መስክ ሳይወርድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያሰመረው መስመር ነበር እንግዲህ እነዚያን ልጆች ድንጋይ ያስጨበጣቸው! ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ግርግሩ ረገብ አለ። ሼኹ «አባቴ የተቀበረው ከዚያች ዋንዛ ሥር ነው፤ ከዋንዛዋ ወዲህ መቃብር የለንም» አሉ። ቄሱም ጥቂት አሰቡና «እኛም ድሮ ሬሳ ስንሸኝ የምንገባው በዚህ ነበር፤ መንገድ ነበረች» ብለው መሰከሩ። ገመድ ተወጠረ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ሁለቱም ወገን ፈረሙ፤ መሬቷም የጋራ መተላለፊያ ሆነች። ነገሩ በዚህ የበረደው እኔ ብልህ ስለነበርሁ አይደለም። ቄሱና ሼኹ የሚተዋወቁት ከዚያ ቀን በፊት ነው። አንዱ በሌላው ሐዘን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያደረ ሰው ነው። በጠብ ቀን የሚያስታርቅ ሰው የሚገኘው በሰላሙ ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ያልተዋወቁ ሰዎች ግርግር መካከል ቆመው ቢተዋወቁ ማንም አይሰማቸውም።

ሁልጊዜ እንዲህ አያበቃም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ሲፈጸም የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት አጠፋ። ቦታው የሼኽ ኤልያስ መካነ መቃብርና የአቡነ ሐራ ቤተ ክርስቲያን የሚዋሰኑበት ነው። በቀናት ውስጥ ከዚያ እጅግ ርቃ በምትገኘው በስልጤዋ ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን የጎንደርን መቃብር አይቶት አያውቅም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በአዴት በኩል ሄደን በምንደርስባት በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ነደዱ። የሞጣው የእኛ ጓሮ ነው፤ በሩቅ ሰው ልናመካኝ አንችልም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ስለዚህ የምመክራችሁ የመጀመሪያው ነገር ጠቡን በልኩ እንድትይዙት ነው። የመሬት ጠብ ከሆነ የመሬት ጠብ ይሁን፤ ካርታ ይምጣ፣ ቀያሽ ይጠራ። የሌብነት ጉዳይ ከሆነ ሌባው በስሙ ይጠየቅ፤ ሃይማኖቱ ለምን ይጠራል? «ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን ነገር አይተው ነው። ስልካችሁ ላይ የሚነድ ቤተ እምነት ምስል ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት የት እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣ፣ ማን እንዳነሣው ጠይቁ። ከዚያም የጠቡ መነሻ ምን እንደነበር ፈልጉ። መልስ ያላገኛችሁለትን ነገር አትላኩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ መኖሩንም እወቁ፤ እኔ ግን ከአዋጁ ይልቅ የእናንተን ጣት ነው የማምነው።

አሁን ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ለእኛ ሩቅ አይደለምና። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለውን ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ታውቁታላችሁ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን አሠራር ያለበት ነው፤ ከእነርሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ አሠራው ይባላል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በአገሩ ሁሉ ላይ በአዋጅ ሊጭኑ በሞከሩ ጊዜ የፈሰሰው በአብዛኛው የገበሬ ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። የዐፄ ፋሲል አስከሬን ዛሬም እዚሁ ሐይቅ ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አለ። ይህን ታሪክ ስንተርክ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን፤ የእኛ እምነት አሸነፈ፣ አለቀ። አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉ ዑለማም እምቢ ብለው ታገሉ። ተገድዶ የተጎዳው ወገን ጊዜ ሲያልፍለት አስገዳጅ ሆነ። ሁለቱንም ግማሽ ሳታውቁ ታሪክ አወቅን አትበሉ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት ቁጥር ልጨምርላችሁ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከባሕር ዳር ነዋሪ ከመቶ ዘጠና የሚጠጋው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር፤ ሙስሊሙ ከመቶ ስምንት በላይ ነበር። በአገር ደረጃ ግን ኦርቶዶክሱ ከመቶ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.5 ገደማ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆነ ማንም የለም። እዚህ ብዙ የሆነው ወራቤ ላይ ጥቂት ነው፤ እዚያ ብዙ የሆነው ሞጣ ላይ ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ላይ ሙስሊም ጎረቤታችሁን የምትጠብቁ ልጆች ስልጤ ውስጥ ያለችውን ክርስቲያን እናት እየጠበቃችሁ ነው። የአገር አንድነት ለእኔ ከዚህ የበለጠ ትርጉም የለውም። በብዛታችሁ በምትኖሩበት ቦታ ጥቂቶቹ ሌሊት ተኝተው ያድራሉ ወይ? ይህን ሳትመልሱ ስለ ባንዲራ የምትከራከሩት ክርክር አይጥመኝም።

አንዳንዶች «የእኩልነት ጥያቄ ሲነሣ አገር ይፈርሳል» ይሏችኋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በዘውዱ መንግሥት ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሃይማኖት የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ እንደሆኑ፣ የመንግሥት ሃይማኖት እንደማይኖር ተጻፈ። አገር ፈረሰ? አልፈረሰም። ቤተ ክርስቲያኔም አልፈረሰችም። ለእኔ ያቺ ሰልፍ ከጦርነት ድሎቻችን ጋር መቆጠር ያለባት የአንድነት ቀን ናት።

እውነት ለመናገር አብሮ መኖር ሥራ ነው፤ ድካም አለው። እናቶቻችሁን ጠይቋቸው። ልጅ ሲዳር ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፤ ሲጠራ ደግሞ ለብቻው ከብት ወይም በግ ይገዛል፣ አራጁ ሙስሊም ይሆናል፣ ድስቱ፣ ጭልፋውና ቢላዋው ይለያል፣ ወጥ ሠሪዋ ከእነርሱ ትጠራለች። በእኛ ቤት ሠርግ ባለቤቴ ያንን ድስት ከክርስቲያኑ ምጣድና ድስት እንዳይደባለቅ በእጀታው ላይ ነጭ ጨርቅ አስራበት ነበር። ማንም የማንንም ሥጋ አልበላም፤ ማንም እምነቱን አልሸጠም፤ ሆኖም አንድ ድንኳን ውስጥ ተበላ። እንዲህ ያለውን የምታሰናዳ ሴት ስለ ሃይማኖት መቻቻል አዳራሽ ውስጥ ንግግር አታደርግም። እናንተ ግን ከአዳራሹ ይልቅ ከእርሷ ተማሩ፤ ወንዶቹም ጭምር።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስለ መቻቻል ስንናገር ሁለቱን ትልልቅ ወገኖች ብቻ ነው የምናስበው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ሙስሊሞች ናቸው። ጣና ላይ የምታዩትን ታንኳ ከደንገል የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። የዘጌ ማገዶ ወደ ገበያችን ሲጓጓዝ የኖረው በታንኳ ነው። ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ ሳይቆርስ ኖረ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር ሳይስማሙ እነርሱን በመናቅ ግን ተስማሙ! በሥራዬ ዘመን ከማንም በላይ ካርታ የሌላቸው እነርሱ እንደሆኑ አይቻለሁ፤ ከተማዋ ወደ ውሃው በገፋች ቁጥር የሚነሡትም እነርሱ ናቸው። የእኛ መቻቻል እውነት መሆኑን ማየት የፈለገ ሰው መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበትን ፎቶግራፍ ትቶ ወደ እነዚያ የሣር ቤቶች ይሂድ።

ዘመናችሁ ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን የገባበትን መከራ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ትምህርታችሁ ተቋርጧል፣ ጓደኞቻችሁን ቀብራችኋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፖለቲከኛው የሚቸግረው ሰልፈኛ ነው። ሃይማኖት ደግሞ የተሰለፈ ሕዝብ አለው። ስለዚህ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከመንግሥትም ይሁን ከተቃዋሚ፣ ስለ ሥልጣን እየተናገረ ድንገት ስለ ሃይማኖታችሁ መቆርቆር የጀመረ ሰው ካያችሁ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። የፖለቲካ አቋም ይኑራችሁ፤ ዝም በሉ አልላችሁም። አቋማችሁን ግን በቤተ መቅደሱ ደጅ አታስቀምጡት፤ በመስጊዱም ደጅ እንዲሁ።

በመጨረሻ በሙያዬ ልለምናችሁ። በየሰፈራችሁ ያለውን መካነ መቃብር፣ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ፣ የመስጊድ ቦታ፣ የጥምቀተ ባሕር ሜዳ ሄዳችሁ እዩ። ካርታ የሌለው ወይም ወሰኑ የሚያከራክር ካለ ማመልከቻው ነገር በሌለበት በአዘቦት ቀን ይጻፍ፤ የሰበካ ጉባኤውና የጀመዓው ኃላፊዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርሙበት። ቀያሹ ሲመጣ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይገኙ፤ ከእናንተም ሁለት ሁለት ልጆች ገመዱን ያዙ። ችካሉ የት እንደተተከለ፣ ማን ማን ቆሞ እንደነበር በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ከዚያ አንዱን ቅጂ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱን መስጊድ፣ አንዱን ቀበሌው ዘንድ አስቀምጡ። እግሬ እስከቻለ ድረስ እኔም መጥቼ ሜትሩን እይዝላችኋለሁ።