ቁጥር 14 ትልቅ ነው ትንሽ? እና ሌሎች የዝንብ መንጠቆ ጥያቄዎች

«ወንድሜ ከውጭ ቁጥር 14 የሚል የዝንብ መንጠቆ ላከልኝ። ትልቅ ስጠብቅ ትንኝ የምታህል ሆና አረፈችው። ተሳስቶ ነው?» (ከቡራዩ)

ወንድምሽ ልክ ነው። የዝንብ መንጠቆ ማለት ነፍሳት እንዲመስል ላባና ክር የታሰረበት የዓሣ መንጠቆ ነው፤ በመንጠቆ ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑ ያንሳል። ቆሮሶ አፉ ጠባብ ስለሆነ 12 እና 14 ይስማማዋል። አምባዛ ግን ሰፊ አፍ አለው፤ ለእሱ 4 ወይም 6 ያዢ።

«ባቦጋያ ጥልቅ ስለሆነ በጣም ፈጥኖ የሚሰምጥ ገመድ ግዛ ተባልኩ። ዋጋው አይቀመስም። ልግዛ?» (ከለገጣፎ)

ቆይ፣ አትቸኩል። ሐይቁ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ስለሆነ መሃሉ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ቆሮሶው ግን የሚውለው ዳር ዳሩን ነው፣ ብርሃንና ምግብ ባለበት። ለዚያ ተንሳፋፊው ገመድ ይበቃሃል።

ካልገዛሁ ካልክ ከሚሰምጡት ገመዶች 3 ቁጥሩን ውሰድ። እዚህ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል። 3 ቁጥር በሰከንድ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ወርውርና ሰከንዱን ቁጠር። 20 ስትደርስ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ወርዷል ማለት ነው። መንጠቆው ሣር ይዞ ከወጣ በሚቀጥለው 17 ላይ ሳብ። ዓሣ የነካህ ቁጥር ላይ ደግሞ ሙጭጭ በል።

ጫፍ ላይ የምታስረው ናይለን ከአንድ ሜትር ብዙም አይለፍ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ሜትር አስሬ፣ ገመዱ ታች፣ ዝንቡ ደግሞ ወደ ላይ ሆኖ ጠዋቱን ሙሉ ባዶ ውሃ ስጎትት ዋልኩ።

«ስንት ዓይነት ዝንብ ይበቃኛል?» (ከሰበታ)

ሁለት። ሰዎች ቀለም ሲያማርጡ ይከርማሉ፤ ጥልቀቱን ካልያዙት ግን ሳጥን ሙሉ ዝንብ ዋጋ የለውም። አንዱ ትንሽ ቡናማ ኒምፍ (ውሃ ውስጥ የሚኖር የነፍሳት ልጅ የሚመስል)፣ ሌላው ጥቁር ዉሊ በገር (ጭራ ያለው፣ ሆዱ ላይ ላባ የተጠመጠመበት) ይሁን።

ዉሊ በገሩን ቤት መሥራት ይቻላል። ለበዓል ገብስማ አውራ ዶሮ ከታረደ የአንገቱን ረጃጅም ላባ አስቀምጪ፤ ውጭ አገር በውድ የሚሸጠው እንዲህ ያለው ዥጉርጉር ላባ ነው። ከላባው ሥር ያለውን ጥጥ መሳይ ለጭራ እሰሪ። ጥቁር የሹራብ ክር ለሆዱ ጠቅልይ፤ ከዚያ ላባውን ከኋላ ወደፊት አዙሪበት። (ባለቤቴ ላባ በመሳቢያ ውስጥ ስታገኝ የምትለውን አልጽፈውም።)

«ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ወደ ባሌ ልሄድ ነው። የሚሰምጥ ገመድ ልያዝ?»

አያስፈልግህም። ከኬንያ መጥተው የተለቀቁት ትራውቶች ያሉት እንደ ወይብ ባሉ ወንዞች ነው። ተንሳፋፊ ገመድና ቁጥር 14 ኒምፍ ይዘህ ሂድ።

«ገፈርሳ ግድብስ?»

የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ነው። ጥበቃዎቹን ሳትጠይቅ ዘንግ እንዳታወጣ።