ከፍለን የምናለቅስበት ፊልም

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ፊልም አብረን የማየት ልማድ ካዳበርን ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ልንግባባ አልቻልንም። እኔ ኑሮ የሰበራቸውን ሰዎች የሚያሳዩ፣ ከባድና አስጨናቂ ፊልሞች ይስቡኛል። በቅርቡ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አይቼ ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፤ ሆኖም ደግሜ ላየው እፈልጋለሁ። ወንድሜ በደርግ ዘመን ጓደኞቹን ያጣ ሰው ነው። ወታደሮች የመንደሩን ልጆች ለጦርነት እያሳደዱ የሚይዙበት ክፍል ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ወጣ፤ በኋላም «ያለን ሐዘን አንሶሽ ነው ከፍለሽ ሌላ የምትገዢው?» አለኝ። ሰው ከሐዘን መሸሽ ሲገባው በፈቃዱ ወደ ሐዘን የሚሄደው ለምንድን ነው? ምናልባት ጉድለቱ ከእኔ ይሆን? (ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣና፣ ጉድለት የለብዎትም። የጠየቁት ነገር ሲኒማ ከመፈጠሩ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት የተጠየቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አርስቶትል፣ በእውን ስናያቸው የሚያሳቅቁን ነገሮች፣ ሬሳን እንኳ ሳይቀር፣ በጥንቃቄ ተሥለው ስናያቸው ደስ እንደሚያሰኙን አስተውሎ ነበር፤ ምክንያቱም መማርና ማወቅ ለሰው ሁሉ ደስታ ስለሆነ ነው ይላል። ይህ ለእኔ ከመልሱ ግማሹ ብቻ ነው። የበለጠ የሚረዳን፣ ርኅራኄ የሚሰማን ሳይገባው ለሚጎዳ ሰው፣ ፍርሃት የሚሰማን ደግሞ እኛን ለሚመስል ሰው ነው ማለቱ ነው። ስለዚህም የመሪር ተውኔት ዋና ገጸ ባሕርይ ፍጹም ጻድቅም ፍጹም ክፉም ሳይሆን በመካከል ያለ፣ ተሳስቶ የሚወድቅ ሰው እንዲሆን መክሯል።

የ«ጤዛ»ው አንበርብር እንዲህ ያለ ሰው ነው። በጀርመን ተምሮ፣ አገሩን በእውቀቱ ሊያገለግል ተስፋ አድርጎ የነበረ ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ እናቱ መንደር የሚመለሰው አንድ እግሩን አጥቶ፣ ያሳለፈውንም በወጉ ማስታወስ ተስኖት ነው። ጀግና አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፣ ያመነታል፣ የመንደሩን ልጆች ከወታደሮቹ ሊያስጥላቸው አይችልም። በእኔ እምነት ልባችንን የሚይዘው ይህ አለመቻሉ ነው። ሁሉን የሚያሸንፍ ገጸ ባሕርይ ስናይ እናደንቀዋለን እንጂ ራሳችንን አናገኝበትም፤ አንበርብር ግን እኛም በየቤታችን የደበቅነውን ድካም በአደባባይ ተሸክሞ ይቆማል።

ከዚህም ሌላ የፊልሙ አሠራር አለ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ። ትዝታው ለአንበርብር ተቆራርጦ እንደሚመጣለት ሁሉ ለእኛም ተቆራርጦ ይቀርብልናል፤ ልጅነቱ፣ የጀርመን የተማሪነት ዘመኑ፣ አዲስ አበባ የነበረው ፍርሃት እየተፈራረቁ ይመጣሉ። እግሩን እንዴት እንዳጣ የምናውቀውም ቆይተን ነው፤ በጀርመን የዘር ጥላቻ የያዛቸው ወጣቶች ከመስኮት ወርውረውት ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ሥቃይን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሳይሆን፣ የተሰበረውን ነገር ከባለታሪኩ ጋር እየለቀመ የሚገጥም ሰው ይሆናል። በሕይወታችን የሚደርስብን መከራ መጀመሪያውና መጨረሻው ተለይቶ አይታወቅም፤ 140 ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም ግን ለዚያ ቅርጽ የለሽ ነገር ቅርጽ ይሰጠዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዎ አለመውጣቱ ይህንን የመግጠም ሥራ ስላልጨረሱ ይመስለኛል፤ ደግመው ለማየት መፈለግዎም ከዚሁ የመጣ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በለቅሶ ቤት አልቃሿ ስለ ሟቹ ሙሾ ስታወርድ፣ ሟቹን በቅርብ የማያውቁ ሴቶች አምርረው ሲያለቅሱ አይተው ያውቁ ይሆናል። የሚያለቅሱት ከዓመታት በፊት ለቀበሩት ልጃቸው ወይም እናታቸው ነው፤ በራሳቸው ቤት ብቻቸውን ቢያለቅሱ «አሁንስ ይብቃሽ» ይባሉ ነበር፤ በሰው ለቅሶ ላይ ግን ማንም አይከለክላቸውም። እንጉርጉሮና ትዝታም እንዲሁ የሚያዝናኑን ሐዘኑን ስለሚያስረሱን ሳይሆን ዜማ ስለሚሰጡት ነው። ጨለማው የሲኒማ አዳራሽ ከዚህ ለቅሶ ቤት ብዙም አይርቅም።

አብሮ ማዘን በሰውነታችንም ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ጎዳና ላይ ስለወደቀና በልጅነቱ ብዙ ስለተበደለ ሰው የሚተርክ አሳዛኝ ፊልም፣ ለሌሎቹ ደግሞ ስሜት የማይነካ ዘጋቢ ፊልም አሳዩአቸው። ከፊልሙ በፊትና በኋላ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ያለ ወንበር እንደተቀመጡ ሆነው የሚችሉትን ያህል እንዲቆዩ ተደረገ። አሳዛኙን ፊልም ያዩት በአማካይ ሕመሙን የመቋቋም አቅማቸው ጨመረ፤ አብረዋቸው ከተቀመጡት ሰዎች ጋርም ይበልጥ የተቀራረቡ መሰላቸው። ተመራማሪዎቹ ይህ የሆነው አንጎል ኢንዶርፊን የተባለውን ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ ነው ቢሉም፣ የለኩት የሕመም መቻልን እንጂ ንጥረ ነገሩን በቀጥታ አልነበረም። ለውጡም በሁሉም ሰው ላይ እኩል አልታየም።

ሆኖም ጨለማ የሆነ ፊልም ሁሉ ይህንን ያደርጋል ማለቴ አይደለም። የተጎዳውን ሰው ማንነት ሳያሳውቁን ቁስሉን ብቻ የሚያሳዩ፣ እንባችንን ለማውጣት ሲሉ በመከራ ላይ መከራ የሚደራርቡ ፊልሞች አሉ፤ እነዚህን ስጨርስ የሚቀርልኝ እፍረት ብቻ ነው። ተመልካችም እነዚህን ለይቶ ቢተው መልካም ነው እላለሁ።

ወደ ወንድምዎ ልመለስ። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ የሚሠራው በተመልካቹና በሚታየው ነገር መካከል ርቀት ሲኖር ነው። እርስዎ ወታደሮቹ ልጆቹን ሲያሳድዱ ሲያዩ ልብዎ ይመታል፤ ነገር ግን ወንበርዎ ላይ እንዳሉ ያውቃሉ። ለወንድምዎ ግን የሚሮጡት ልጆች ስም አላቸው። ተነሥተው መውጣታቸው ፊልም አለመውደድ ወይም ድፍረት ማጣት አይደለም፤ እሳቸው ቅርጽ ያላገኘውን ነገር በሌላ ሰው ቅርጽ ለማየት ገና ያልተዘጋጁ ሰው ናቸው፤ ላይዘጋጁም ይችላሉ። ስለዚህ ፊልሙን እንዲጨርሱት አይወትውቷቸው። ሁለተኛ ሲያዩት ከሌላ ሰው ጋር ይዩት፤ ከጨረሱም በኋላ ቡና ሲፈላ ወንድምዎን ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ጓደኞቻቸው ይጠይቋቸው፤ ምን ይጫወቱ እንደነበር፣ ማን ቀልደኛ እንደነበር። መመለስ ከፈለጉ ይመልሱልዎታል።