ቤት ነው ወይስ ትምህርት ቤት? በእንግሊዝ ስላለው የተማሪዎች የውጤት ልዩነት

እህቴ፣ ጥያቄዎን አየሁት። ልጅዎ ለኤ-ሌቭል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ላለው የመጨረሻ ደረጃ) ሶሲዮሎጂ «በእንግሊዝ የተለያየ ዘር ያላቸው ተማሪዎች ውጤት ለምን ይለያያል?» የሚል ጽሑፍ እንድትጽፍ ታዝዛለች፤ እርስዎም «ጥፋቱ የቤተሰብ ነው ወይስ የመምህራን?» ብለዋል። ብዙ ተማሪ የቤቱን ምክንያት ይደረድራል፣ የትምህርት ቤቱን ይደረድራል፣ ከዚያ «ሁለቱም ነው» ብሎ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነጥብ አያመጣም። እያንዳንዱን ማብራሪያ ከማይገጥመው ቡድን ጋር ታፋጥጠው።

ከድህነት ትጀምር። በነጻ የትምህርት ቤት ምሳ የሚበሉ ልጆች ውጤት ከሌሎቹ ዝቅ ይላል። ክፍተቱ ግን በነጭ ብሪታኒያውያን መካከል ሰፊ፣ በቻይናና በባንግላዴሽ ተወላጆች መካከል ጠባብ ነው። የአናሳ ብሔረሰብ ልጆችን ትምህርት የመረመረው መንግሥታዊው የስዋን ሪፖርት በ1985 ሲወጣ የባንግላዴሽ ልጆች ክፉኛ ወደኋላ ቀርተው ነበር። ብዙዎቹ የሚኖሩበት የለንደኑ ታወር ሃምሌትስ በ1997 ከ149 የትምህርት አስተዳደሮች 149ኛ ወጣ። በ2010ዎቹ ግን እነዚሁ ልጆች፣ ቤተሰቦቻቸው አሁንም ከድሆቹ ተርታ እያሉ፣ በ16 ዓመት በሚወሰደው ፈተና፣ በጂሲኤስኢ፣ የነጭ ብሪታኒያውያንን አማካይ አለፉ። ድህነት ይጎዳል፤ ብቻውን ግን አይወስንም።

ቋንቋም እንደዚያው ነው። የካሪቢያን ተወላጆች ቤታቸው የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው፣ ውጤታቸው ግን ከአማካይ በታች ነው። ሌላ ቋንቋ የሚናገሩት የህንድና የቻይና ልጆች ከላይ ናቸው። ቋንቋ በእርግጥ የሚከብደው በ14 ወይም በ15 ዓመቱ አገሩ የገባውን ልጅ ነው።

«ቤተሰቦቻቸው ለትምህርት ግድ የላቸውም» የሚለውን የባህል ማብራሪያ ስትጽፍ ትጠንቀቅ። የካሪቢያን ወላጆች በራሳቸው ጉልበት ያቋቋሟቸው የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች ይህን አባባል ያፈርሱታል። ተቺዎቹ «ተጎጂውን መውቀስ ነው» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በእኔ ግምት ጠንካራው ማስረጃ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ትቆይ። ተመራማሪዎቹ ጊልቦርንና ዩዴል በ2000 ባሳተሙት የሁለት የለንደን ትምህርት ቤቶች ጥናት፣ ትምህርት ቤቶችን በውጤት የሚያወዳድረው የደረጃ ሰንጠረዥ የሚያስጨንቃቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪውን በሦስት ይከፍሉታል፦ ያለ እርዳታ የሚያልፍ፣ ቢታገዝ የሚያልፍና ተስፋ የተቆረጠበት። ጊዜውና መምህሩ ለመካከለኛው ይሄዳል፤ ጥቁርና ድሃ ልጆች ሦስተኛው ውስጥ ይበዛሉ። ሌላው ተመራማሪ ስቲቭ ስትራንድ ደግሞ በ2012 የ14 ዓመት ልጆችን የሂሳብና የሳይንስ ፈተና መርምሮ፣ የቀድሞ ውጤትና የቤተሰብ ሁኔታ ተመዛዝኖም እንኳ፣ ሦስት ነጭ ብሪታኒያውያን ለከፍተኛው የፈተና እርከን (ከፍ ያለ ውጤት ለሚያስገኘው ከባድ ወረቀት) ሲመዘገቡ የካሪቢያን ተወላጆች ሁለት ብቻ እንደነበሩ አሳየ።

እርከኑ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ የጂሲኤስኢ ሂሳብ ዝቅተኛው እርከን፣ ውጤቱ እስከ 9 በሚደርስበት ፈተና፣ ጣሪያው 5 ነው፤ ልጁ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ 6 አያገኝም። ሂሳብን በኤ-ሌቭል ለመማር ደግሞ አብዛኛው ትምህርት ቤት 6 ወይም 7 ይጠይቃል። ታናናሾች ካሉዎት በ9ኛው ወይም በ10ኛው የትምህርት ዓመት «ልጄ በየትኛው እርከን እየተዘጋጀ ነው? በምን ማስረጃ?» ብለው ይጠይቁ። ምድቡ ቀድሞ ስለሚሠራ፣ በ11ኛው ዓመት የምዝገባ ወቅት ቢጠይቁ ልጁ የከፍተኛውን እርከን ትምህርት ሳይማር ቀርቶ ያገኙታል።

አሁን «ምክንያቱ የትምህርት ቤቱ ዘረኝነት ነው» የሚለውንም ታፋጥጠው። «ጥቁር አፍሪካዊ» ተብለው የሚመዘገቡት ልጆች በአማካይ ከካሪቢያኖቹ የተሻለ ውጤት አላቸው፤ ቆዳን ብቻ ያየ ማብራሪያ እዚህ ይሰናከላል። ነገር ግን በዚያ አንድ ሳጥን ውስጥ ናይጄሪያዊው፣ ጋናዊው፣ ሶማሌውና የእኛው ልጅ አንድ ላይ ታጭቀዋል። የሐኪም ልጅና ትናንት ጥገኝነት የጠየቀ ቤተሰብ ልጅ አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ይህን አንድ አንቀጽ ብታደርገው ፈታኙ ይወድላታል።

ፈተናው ኤኪውኤ የተባለው ፈተና አዘጋጅ ድርጅት ከሆነ፣ ለረጅሙ ጽሑፍ ከሚሰጠው 30 ነጥብ 12ቱ ለእውቀት፣ 9ኙ ለአተገባበር፣ 9ኙ ለትንተናና ለግምገማ ነው። የተመራማሪ ስም መደርደር ከ12ቱ አያሻግራትም። ከጥያቄው ጋር የሚሰጠውን አጭር ጽሑፍም ትጠቀምበት፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው።